በሟቹ አንጓ ላይ የተጠመጠመችው የግንባር ባትሪ

ጋሽ ገብረወልድ ከገደሉ ሥር በጀርባቸው ተዘርግተው ተገኙ። ጠመንጃቸው ከላይ አፋፉ ላይ ድንጋይ ተደግፎ ቀርቷል፤ የሱፍ ኮፍያቸው እንኳ ከራሳቸው አልወለቀም። በቀኝ እጃቸው አንጓ ላይ የተጠመጠመችው የግንባር ባትሪ ደግሞ ፀሐይ ወጥታም በትንሹ ብርሃን ትበራለች። ማን ያጥፋት?

«ኢንስፔክተር፣ ነገሩ አልቋል» አለ ሳጅን ኢያሱ። «ሰውየው አምነዋል።»

ኢንስፔክተር ሚልኪ ጫማዋን አውልቃ አራገፈች። ከነገሌ ስትወጣ የመኪናው ጎማ ተንፍሶ፣ ተለዋጩም ጎማ ተንፍሶ፣ የቀረውን መንገድ በእግሯ ነው የመጣችው። ጫማዋ ውስጥ አሸዋ፣ አፏ ውስጥ አሸዋ፣ ፊቷ ላይ ደግሞ ኢያሱ።

«ምን ብለው አመኑ?»

«ደሙ በእኔ ነው፣ አሉ። በዚህ ጆሮዬ ሰማሁ!»

አዳኞቹን እየመሩ ያመጡት ጣዲቻ እጃቸው በካቴና ታስሮ ከግራር ሥር ተቀምጠዋል። ሚልኪ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«አካም፣ ኦቦ ጣዲቻ። ናጋ?»

«ናጋ» አሉ። ፊታቸው ላይ ግን ሰላም የሚባል ነገር የለም።

«ገፍተዋቸው ነው?»

«ኧረ! ወንድሜን?»

«ታዲያ ደሙ እንዴት በእርስዎ ይሆናል?»

«እንግዳ አወጣሁ፤ ሳልመልስ ቀረሁ። በአባቴ ደንብ፣ ይዘህ የወጣኸውን ሰው ለቤቱ ካልመለስክ ደሙ በአንተ ነው። ጉማውን፣ የደሙን ካሳ፣ እኔ እከፍላለሁ። ከብቱን እኔ እነዳለሁ።»

«ይኸው፣ ደገሙት!» አለ ኢያሱ።

«ሳጅን፣ ሰው ደንቡን ሲነግርህ አንተ ወንጀል ትሰማለህ።»

«እኔማ የሰማሁትን ጻፍኩ። ኮማንደሩም ነገ ከሰዓት መዝገቡ ፍርድ ቤት ይግባ ብለዋል።»

ሚልኪ ጥርሷን ነከሰች። ጣዲቻ ዳኛ ፊት ቆመውም ይህንኑ እንደሚደግሙ ታውቃለች። ዳኛው ከኢያሱ የተሻለ ጆሮ ከሌለው ሰውየው ዕድሜያቸውን እስር ቤት ሊጨርሱ ነው፤ ያውም በገዛ አፋቸው።

የማታውን እንዲተርኩላት አደረገች። አራት ሆነው የበቆሎ ማሳ የሚያወድም ከርከሮ ሊያድኑ ነበር የወጡት። ገብረወልድ አፋፉ ላይ አደፈጡ። ባለሱቁ ከሊፋ ከሸለቆው ማዶ ተቀመጠ። ጣዲቻ ከታች ሆነው ከርከሮ ይነዳሉ። የገብረወልድ የወንድም ልጅ ቃለአብ መኪናው ጋ ቀረ። ስልኮቹ በሙሉ ጣዲቻ ቤት ተቀምጠዋል፤ ባለፈው የከሊፋ ስልክ በድንገት ዘፍኖ አደኑን ስለበተነው።

«ከዚያስ?»

«ፉጨት ሰማሁ። ችግር የገጠመው ወደ መኪናው ያፏጭ ብለን ተስማምተናል። ትንሽ ቆይቶ መብራት ከላይ ወደ ታች ወደቀ። እሱ ነበር።» ጣዲቻ ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። «ጨለማ ነው፣ ገደል ነው፤ እስኪነጋ መውረድ አልቻልንም። ሌሊቱን ሙሉ ያቺ ባትሪ ከሥር ስታበራ እያየናት አደርን።»

ቃለአብ መኪናው በር ላይ ተቀምጦ በግራ እጁ ሻይ ይጠጣል። ቀኙን ጉልበቱ ላይ ገልብጦ አስቀምጦታል።

«ከመኪናው ንቅንቅ አላልኩም» አለ ሳይጠየቅ። «ባትሪዬ ገና በጊዜ ሞተች። በዚህ እሾህ መሀል ያለ መብራት ማን ይሄዳል? ከሊፋን ጠይቂው፣ ሊነጋ ሲል ሮጦ ሲመጣ እዚሁ ነው ያገኘኝ።»

ባትሪዋን ሰጣት። ሚልኪ ቁልፏን ተጫነች። ደግማ ተጫነች። ምንም የለም። ከሟቹ ባትሪ ጋር አስተያየቻት፤ መንትያ ናቸው።

«ፉጨቱንስ አልሰማህም?»

«እንቅልፍ ጥሎኝ ነበር።»

«መዳፍህ ምን ሆኖ ነው ያበጠው?»

«የአጎቴ ወፍጮ ቤት ጆንያ ነው» አለ፤ እጁንም ኪሱ ከተተ።

ኢያሱ ሚልኪን ገለል አደረጋት። «አየሽ? ልጁ መብራት የለውም። ከሊፋ ከማዶ ነው፤ ሸለቆውን ዞሮ እስኪመጣ ይነጋል። ማን ቀረ?»

ማን እንደቀረ ለመመለስ ጣቢያው ሄዳ ተቀመጠች። ያው ጣቢያ፣ ያው ሙቀት፣ ያው ዝንብ። ቃለአብ የሰጣትን ባትሪ ቻርጅ ላይ ሰካችና የሟቹን ግንባሯ ላይ ልታስር ሞከረች። ማሰሪያዋ ጠባብ ናት፤ በግድ ገባች። ዝንብ አፍንጫዋ ላይ ዐረፈ፤ በእጇ ስታባርረው ባትሪዋ በራች። ዝንቡ ተመለሰ፤ ስታባርረው ጠፋች። ተመለሰ፤ በራች!

ኢያሱ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ቢሞክርም አልሆነለትም።

«ሳቅ! አንተ ሳቅ!» ሚልኪ ባትሪዋን መንጭቃ ጠረጴዛው ላይ ወረወረቻት። «ይኼን ጣጣ ማን ጤነኛ ሰው በገንዘቡ ይገዛል?»

ብላ የወረወረቻትን መልሳ አነሳች። ጋሽ ገብረወልድን ነገሌ ሙሉ ያውቃቸዋል፤ ላብ ሲጠርጉ የሚውሉ ሰው ናቸው። መሀረባቸው ከግንባራቸው ተለይቶ አያውቅም።

«ተነስ። ከሊፋ ጋ እንሂድ።»

ከሊፋ ሱቁ ውስጥ ሐዘኑንም ወሬውንም አንድ ላይ ይዞ ተቀምጧል። ስለ ባትሪዋ ሲጠየቅ ወሬው አሸነፈ።

«እሱን አታንሺብኝ እህቴ! በመምረጥ ገደለኝ እኮ፣ አላህ ይማረውና። መጀመሪያ ትልቋን ሰጠሁት፤ የባትሪ ድንጋይዋ ከኋላ የሆነችውን። ‹እኔ በሬ ነኝ ቀንበር የምትጭንብኝ?› አለኝ። በድንጋይ የምትሠራዋን ሰጠሁት። ‹ከርከሮ ባሳደድኩ ቁጥር ድንጋይ ልገዛልህ ነው?› አለኝ። በመጨረሻ ቻርጅ የምትደረገዋን፣ ቀላሏን፣ ቀይ መብራት ያላትን አወጣሁ። በቀይ ብርሃን አውሬ አይደነግጥም። ኮፍያው ላይ አስሮ፣ ማሰሪያዋን ለቅቆ ለቅቆ፣ እንደ ሙሽራ መስታወት ፊት ቆመልሽ። ቃለአብም መንትያዋን ገዛ።»

«ከዚያ ተመልሰው አልመጡም?»

«በማግስቱ! ያውም እየተሳደበ! ፊቷ ላይ ትንሽ ጥቁር ዓይን አለቻት፤ እጅ ሲያልፍባት ትበራለች፣ ዳግም ሲያልፍ ትጠፋለች። ‹ላቤን በጠረግኩ ቁጥር ከርከሮ ፊት ሠርግ ቤት ታስመስለኛለህ!› አለኝ። ለዓይኗ ማጥፊያ የለም ስለው የሚያኝከውን ማስቲካ ከአፉ አውጥቶ ዓይኗን ድፍን! አዲስ ዕቃ እኮ ነው! እኔ ነኝ ያፈርኩት።»

«ማን አየ?»

«እኔና እሱ። እና አላህ።»

«በትልቁ ብርሃን እስከ ስንት ሰዓት ትቆያለች?»

«እኩለ ሌሊት አታይም። ቀንስ፣ ቀዩን ተጠቀም ስለው ‹ታዲያ ለምን ገዛኋት?› ይለኛል። ያን ማታም ከማዶ አየዋለሁ፤ ገና ከምሽት ጀምሮ በትልቁ ለቆታል። ከርከሮ ሳይሆን አውሮፕላን የሚጠብቅ ነበር የሚመስለው።»

ሚልኪ ከነጋ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፤ ግን ቶሎ ተወችው።

በማግስቱ ሁሉም ጣቢያው ቢሮ ውስጥ ተሰበሰቡ። ከሊፋ ወንበር ሳይሰጠው ተቀመጠ። ቃለአብ መስኮቱ ጋ ቆመ። ጣዲቻ ከነካቴናቸው ገቡ። የሟቹ ልጅ ቅድስት ከምትሠራበት ከዶሎ ኦዶ ሌሊቱን ስትጓዝ አድራ ደርሳለች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከጥጉ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ኢያሱ መዝገቡን ታቅፎ ሰዓቱን ያያል።

«ቃለአብ» አለች ሚልኪ፣ «ይቺ የሰጠኸኝ ባትሪ ናት። ቻርጅ አድርጌልሃለሁ። እሰራት።»

ቃለአብ ትከሻውን ነቅንቆ ግንባሩ ላይ አደረጋት። ባትሪዋ ግንባሩን አልፋ፣ ቅንድቡን አልፋ፣ አፍንጫው ላይ ተንጠለጠለች።

«ምነው፣ በአንድ ሌሊት ራስህ ቀጨጨ እንዴ?» አለ ከሊፋ።

«ማሰሪያው ላልቶ ነው» አለ ቃለአብ።

«ያዛትና እጅህን ፊቷ ላይ አሳልፍ።»

አሳለፈ። አልበራችም። ደገመ፤ አልበራችም። በሦስተኛው ባትሪዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። «ተበላሽታለች።»

ሚልኪ ቁልፏን ተጫነችው፤ ቦግ አለች። «በቁልፍ ትሠራለች። ዓይኗ ነው የታወረው።» ከኮሌታዋ ላይ መርፌ መዝዛ አቧራ የለበሰችውን ጥቁር ነጥብ ጫረችው። ግራጫ ክር የመሰለ ነገር ከመርፌው ጋር ተሳበ።

«ማስቲካው!» አለ ከሊፋ ከወንበሩ ተነስቶ። «ወላሂ ማስቲካው ነው!»

«ስለዚህ ይቺ የጋሽ ገብረወልድ ናት። እሳቸው እጅ ላይ የተገኘችው ደግሞ የአንተ። እኔ ራሴ ላይ እንኳ በግድ ገባች፤ ለሳቸው ኮፍያማ የት ትበቃለች? ሁለት እጁ ነጻ እንዲሆን የግንባር ባትሪ ሲያማርጥ የከረመ ሰው ለምን አንጓው ላይ ይጠመጥማታል? ራሱ ላይ አልገባ ብላው ነዋ! ደግሞ የሳቸው ባትሪ ከምሽት ጀምሮ በትልቁ ስትነድ ቆይታ ፀሐይ እስክትወጣ ልትበራ አትችልም። አንጓቸው ላይ ሌሊቱን ሙሉ ያበራችው በትንሹ የተለቀቀች፣ ያልተነካች ሙሉ ባትሪ ናት። መብራት የጨረሱት እሳቸው ነበሩ። ለዚህ ነው ወደ መኪናው ያፏጩት። መብራት ይዘህ ሄድክላቸው፤ ስትመለስ ግን የሞተችውን ይዘህ በዳበሳ መጣህ። ለመሆኑ ጆንያ እሾህ አለው? መዳፍህን አሳየኝ።»

ቃለአብ እጁን ከኪሱ አላወጣም። ኢያሱ ሄዶ አወጣለት። ካበጠው መዳፍ መሀል የግራር እሾህ ስባሪ ጠቁሮ ይታያል።

«ከማገዶ ይሆናል እኮ...» አለ ቃለአብ በቀጭን ድምፅ።

ቅድስት ቀና አለች። «አባዬ ሥራዬን ለቅቄ መጥቼ ወፍጮ ቤቱን እንድይዝ ለምኖኝ ነበር። ‹ለቃለአብ እኔው እነግረዋለሁ፣ አደን ላይ ሲረጋጋ› ብሎኝ ነበር። ነገረህ አይደል?»

ያኔ ቃለአብ ጮኸ። «ነገረኝ! ባትሪውን ከግንባሬ መንጥቆ ወሰደና፣ የሞተውን እጄ ላይ ጥሎ፣ ‹ታላቅ ይቀድማል› አለኝ። በዚያው ትንፋሽ ‹ወፍጮውንም ቅድስት ትይዘዋለች› አለኝ! ሳንባዬ በዱቄት የተሞላው እኔ! አንድ ጊዜ ነው የገፋሁት... አንድ ጊዜ ብቻ...»

ኢያሱ ከጣዲቻ እጅ ካቴናውን ፈትቶ ቃለአብ ላይ አሰረው። ሌላ ካቴና ጣቢያው የለውም።

ሚልኪ ወንበሯ ላይ ወደቀች። «ኦቦ ጣዲቻ፣ ነጻ ነዎት። ወደ ቤትዎ ይሂዱ።»

«አልሄድም።»

«ምን?»

«ደሙ አሁንም በእኔ ነው።»

«እንዴ!» ጠረጴዛውን በጥፊ መታችው። «ገዳዩን አገኘሁልዎ! አመነ! በጆሮዎ ሰሙ!»

«የገፋው እሱ ነው። ይዤው የወጣሁት እኔ ነኝ። እናንተ የሕጉን ጨርሳችኋል፤ የእኔ ገና ነው።»

ሚልኪ ኢያሱን አየችው፤ ኢያሱም መዝገቡን አየ።

ቅድስት ተነስታ ጣዲቻ ፊት ቆመች። «አባባ፣ አስከሬኑ ሆስፒታል ነው። አሁን ልናወጣው ነው። ከብት አልፈልግም። ይዘውት እንደወጡ ይዘውት ይግቡ።»

ጣዲቻ ካቴናው የላጠውን አንጓቸውን እያሻሹ ቀድመው ወጡ። ሆስፒታሉ በር ላይ የሬሳ ሳጥኑን የፊት ጫፍ ያዙ፤ ወጣቶቹ ሊቀበሏቸው ቢሉ እምቢ አሉ። በነገሌ ጠራራ ፀሐይ በገበያው አልፈው፣ በወፍጮ ቤቱ አልፈው፣ አንዴም ሳያሳርፉ ጋሽ ገብረወልድን እስከ ደጃቸው አደረሷቸው።

«እንኳን ደህና ገባህ፣ ወንድሜ» አሉና ሳጥኑን ከደጃፉ ላይ አስቀመጡ።