ሩቲ የጎደላት አርባ ሰዓት

አቶ ብሩኬ ረቡዕ ጠዋት ከምድር ቤቱ ደረጃ ሥር በጀርባቸው ተዘርግተው፣ ሞተው ተገኙ። ቤቱ ኢስት ዮርክ በሚባል የባሕር ማዶ ሰፈር ያለ፣ የምግብ ቤት የጠረጴዛ ልብስና የክሊኒክ አንሶላ የሚታጠብበት ነው። ሟቹ የስልሳ ዓመት ሰው፣ የሠራተኞቹ አለቃ ነበሩ። ያገኛቸው የቤቱ ባለቤት ደረጄ ፖሊስ ጠራ፤ ፖሊስም መርማሪ አጸደን ላከ።

አጸደ አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ሳቅ የሚቀናት ሴት ናት። ስትስቅ ያየ ሁሉ የዋህ ትመስለዋለች። ምስኪን! ስንቱ በዚያች ሳቅ ተታሎ ቃሉን ዘርግፏል።

«ተንሸራትተው ነው፤ ደረጃው እርጥብ ነው። ስንቴ ተጠንቀቁ ብያቸዋለሁ!» አለ ደረጄ።

«ይሆናል» አለች አጸደ ተንበርክካ። «ይሄን ትራስ ታዲያ ማን አደረገላቸው?»

ከሟቹ ጭንቅላት ሥር በአራት የታጠፈ ነጭ ፎጣ አለ። ዳሩ ላይ የክሊኒኩ ሰማያዊ መስመር ይታያል። የክሊኒኩ ዕቃ የሚቀመጥበት ቁም ሳጥን እዚያው ጥግ ላይ ቆሟል፤ ብትስበው ተቆልፏል። የሟቹ ደረት ኪስ ውስጥ ክዳኑ የተከፈተ እስክሪብቶ አገኘች። ወረቀት ግን የለም።

ሐኪሙ መጥቶ አያቸውና ራሱን ነቀነቀ። «ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ወድቀዋል። ግን ሁለት ሰዓት ያህል በሕይወት ነበሩ። አምቡላንስ ቢጠራላቸው ሳይተርፉ አይቀሩም ነበር።»

ደረጄ የግንባሩን ላብ ጠረገ። «እንግዲህ ካሉ… ሩቲን ይጠይቋት። የሆቴሉ ኮንትራት ስለተቋረጠብን ሰኞ ሌይ ኦፍ አድርገን አሰናበትናት። አቶ ብሩኬ ላይ ስትጮህባቸው ሁሉም ሰምቷል። ማክሰኞም በአሥር ሰዓት ጫማዬን ልውሰድ ብላ መጥታ ነበር።»

«ሠራተኞቹ ነፍሰ ጡር ናት አሉኝ» አለች አጸደ።

«ያወቅነው ሰኞ፣ ደብዳቤውን ስንሰጣት ራሷ ስትነግረን ነው! ያን የሚያህል ሽርጥ ለብሳ እየዋለች ከየት እንወቅ?»

ቢሮውን የሚይዙት ታላቅ እህቱ ወይዘሮ ፋናዬም ቃላቸው ያው ሆነ። ዓይናቸው አብጦ ነበር። «እኔም ሰኞ ነው የሰማሁት፣ እህቴ። የእኛ ሴት እርግዝናዋን መች ታወራለች? አቶ ብሩኬን ነፍሳቸውን ይማር» ብለው ማልቀስ ጀመሩ። ልቅሶው የእውነት ነበር። አጸደም እንደዚያው ጻፈችው።

ሩቲ የምትኖረው ፍሌሚንግደን ፓርክ ካሉት ሕንጻዎች በአንዱ፣ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩን የከፈተው ባሏ ምስጋና ነበር። ሩቲ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ገድለሻል ነው የምትሉኝ?» አለች ገና ሰላም ሳይባባሉ።

«ለምን ጮህሽባቸው ነው የምልሽ።»

«ጮኼያለሁ፣ አልዋሽም። መንግሥት የወሊድ ክፍያ የሚሰጠው በዓመት ውስጥ ስድስት መቶ ሰዓት ለሠራ ሰው ነው። እኔ አምስት መቶ ስልሳ ላይ ነኝ። አርባ ሰዓት! በስድስት ወር ሆዴ ደግሞ ማን ይቀጥረኛል? ‹ጋሼ፣ እያዩ ዝም ይላሉ?› ብላቸው ዝም አሉ። ማክሰኞም ስሄድ ወረቀት ላይ አቀርቅረው ይጽፋሉ፤ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ሎሌ ብዬ ሰድቤያቸው ወጣሁ።» እንባዋ ወረደ። «የመጨረሻ ቃሌ እሱ ሆነ።»

«የክሊኒኩን ፎጣ ከቁም ሳጥኑ አውጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«በምን ቁልፍ? ለእኛ አይሰጥም።»

«እዚያ ቤት ማን ይቀርብሽ ነበር?»

ሩቲ እንባዋን ጠረገች። «እትዬ ፋናዬ። ደግ ናቸው። የሁላችንንም ምሳ እሳቸው ናቸው የሚያመጡት። በፍልሰታ ሁሉም ሲጾም ለእኔ ለብቻዬ እንቁላል ጠብሰው፣ ሰው ሳያይ ይሰጡኝ ነበር። ‹ፊትሽ ገርጥቷል፣ ብዪ› ነበር የሚሉኝ። እኔም ምንም አልነገርኳቸውም፣ እሳቸውም አልጠየቁኝም።»

«እሳቸው ይጾማሉ?»

«እትዬ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምሱም!»

አጸደ ይቺንም ጻፈች። ደብተሯን አጥፋ ተነሣች፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ማጠቢያ ቤቱ፣ ልብስ መተኮሻው ክፍል እንድትመጣ ነገረቻት።

ሐሙስ ሁሉም ተሰበሰቡ። ማሽኖቹ ጠፍተዋል። ደረጄ ግድግዳ ተደግፏል፣ ወይዘሮ ፋናዬ ወንበር ላይ ናቸው፣ ሩቲ ከባሏ ጋር በሩ አጠገብ ቆማለች።

«የወደቀ ሰው ፎጣ አጥፎ አይንተራስም» ብላ ጀመረች አጸደ። «ሌላ ሰው ነበር። ያ ሰው አዝኖላቸዋል። ደረጄ፣ የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ስንት ነው?»

«አንድ» አለ ደረጄ፤ ወዲያው ግን ምላሱን ቢነክስ በወደደ።

ወይዘሮ ፋናዬ ሳያስቡት አንገታቸው ላይ ቁልፍ ያንጠለጠሉበትን ክር ያዙ።

«አቶ ብሩኬ የሚጽፉት ወረቀት ጠፍቷል። ምን ይጽፉ ነበር? ሥራ ሲቀንስ ቀጣሪ ሰው ሊያሰናብት ይችላል። ነፍሰ ጡሯን የመረጣት ስላረገዘች ከሆነ ግን ሕጉ አይፈቅድለትም። ስለዚህ እዚህ ቤት ሁሉም ነገር ‹አላወቅንም› በሚል ቃል ላይ ቆሟል። ወይዘሮ ፋናዬ፣ ሰኞ ሰማሁ አሉኝ። በነሐሴ እንቁላሉን ለምን ጠበሱ ታዲያ? ሩቲ ታማ አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም። እንደ እርስዎ ያለ ጿሚ ካላረገዘች በቀር ለማን በፍልሰታ እንቁላል ይጠብሳል?»

ወይዘሮ ፋናዬ ለመካድ አልሞከሩም።

«ያኔ ከወንድሜ ጋር ስናወራ ሰምተውን ኖሮ፣ ‹ማርገዟን ከነሐሴ ጀምሮ ያውቁ ነበር› ብለው ለሥራ ሚኒስቴር ጽፈው፣ ፈርመው አሳዩኝ። ከደረጃው አናት ላይ ወረቀቱን ልቀማ ስታገላቸው ወደቁ። ልገድላቸው አልነበረም! ወርጄ ፎጣ አደረግሁላቸው። ይተነፍሱ ነበር።»

«ስልክስ?»

«በእጄ ነበር። የአምቡላንሱን ቁጥር፣ ናይን ዋን ዋን ብዬ መታሁና… ከተረፉ ይናገራሉ፣ የወንድሜ ቤት ይዘጋል ብዬ አጠፋሁት። እየተነፈሱ ጥያቸው ሄድኩ። ወረቀቱንም ቀደድኩት። ወይኔ ፋናዬ! እኔም ሰው ተብዬ!»

«ወንድምዎስ ያውቅ ነበር?»

ወይዘሮ ፋናዬ ወደ ደረጄ ዞሩ። «አንተ ንገራት። ከእንግዲህ አልዋሽልህም።»

ደረጄ ከተደገፈበት ግድግዳ ተላቀቀ። ቢክድ ወረቀቱ የለም፣ ሩቲም ማስረጃ የላትም። ሁሉም ይሄ ገብቷቸዋል።

«እህቴ በነሐሴ ነግራኛለች» አለ። «አንድ ሰው መቀነስ ነበረብኝ። ለማንኛውም ትወልዳለች፣ ትሄዳለች ብዬ እሷን መረጥኩ። ለእኔ ቀለለኝ።»

«ይሄንኑ ለሥራ ሚኒስቴር ትደግመዋለህ» አለች አጸደ እየጻፈች።

ሩቲ ደስ ይላታል ብሎ የጠበቀ ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ወይዘሮ ፋናዬን ፖሊሶች ይዘው ሲያልፉ እጃቸውን ያዘቻቸው። «እትዬ፣ ስለ እንቁላሉ የነገርኳት እያመሰገንኩዎት ነበር እኮ!»

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ።

እሑድ ደረጄ ለሩቲ ደወለላት። የስንብት ደብዳቤዋን ቀዷል፤ ሰኞ በሥራ ሺፍትሽ ግቢ አላት።

ምስጋና ስልኩን ከእጇ ሊነጥቃት ምንም አልቀረው። «ሰው ወድቆ ወደ ሞተበት ቤት ነው ሆድሽን ይዘሽ የምትመለሺው? ይቅርብን!»

«አርባ ሰዓት ነው የጎደለኝ፣ ምስጋና።»

«ይቅርብን አልኩሽ!»

«እንዴት ነው የሚቀረው? ሰውዬው የሞቱት እኔ እንድመለስ ብለው አይደል?» ጮኸችበት፤ ከዚያ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሰኞ ጠዋት ግን በአንድ ሰዓቱ አውቶቡስ ሄደች።