ያልተንቀራፈፈው ኮምፒውተር

የአምቡላንስ ጥሪ ማእከሉ ኃላፊ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ሐኪሙ ሻዩ ውስጥ መርዝ አለ ብሏል። ከራሱ ኮምፒውተር ደግሞ ለሠራተኛው ሁሉ «በቃኝ፤ ይቅር በሉኝ» የሚል መልእክት ተልኳል።

ሚስቱ የመርማሪዋን እጅ ጨምድዳ ያዘች። «እህቴ፣ ባሌ ራሱን አይገድልም! ልጆቼ ይሄን ሐሜት ተሸክመው ሊያድጉ ነው?»

መርማሪዋ በመልስ የምትቸኩል ሴት አይደለችም። ኮምፒውተሩ ላይ አንዱን ገጽ ነካች፤ ወዲያው ተከፈተ። ሌላውም እንደዚያው።

«ፈጣን ነው» አለች።

ጸሐፊዋ እያለቀሰች ሳቋ አመለጣት። «ይሄ? ኧረ ኤሊ ነው! አምቡላንስ የሚመደበው በዚሁ ነው፤ ጋሼ ግን ብሮውዘሩን ለሳምንታት አይዘጋውም። አንድ ገጽ እስኪከፈት ሰው ያረጃል።»

«ታዲያ ለምን አትዘጉትም?»

«ማን ደፍሮ!» አለ ምክትሉ። «ከተዘጋ የከፈታቸው ገጾች ሁሉ ይጠፋሉ። የነካው ይባረራል ብሎናል።»

የማእከሉ የኮምፒውተር ቴክኒሻን በሩን ተደግፎ ቆሟል።

መርማሪዋ ሁሉንም አስቀመጠቻቸው። «ብሮውዘር ሳይዘጋ ሲከርም የተከፈተው ሁሉ ሜሞሪውን እየበላ ይሄዳል፤ አልሄድ እንዳለ እንግዳ። ተዘግቶ ሲከፈት ይራገፋል። ትናንት ያዘገመው ዛሬ የሮጠው አንድ ሰው ዘግቶ ስለከፈተው ነው። ኃላፊው በሕይወት እያለ አልዘጋውም። እናንተ ሁለታችሁ ገጾቹ ይጠፋሉ ብላችሁ ትፈራላችሁ። ገጾቹ ግን አንድም ሳይጎድል ተመልሰዋል።» ወደ ቴክኒሻኑ ዞረች። «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል። የተዘጉ ገጾችን መመለስ የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ።»

ቴክኒሻኑ አልካደም፤ እንዲያውም ደረቱን ነፋ።

«መልእክቱን ልልክ ስል ስታክ አደረገብኝ። መቻል አቃተኝና ዘግቼ ከፈትኩት! እናቴ አምቡላንስ ስትጠራም ስታክ ያደረገው ይሄው ኮምፒውተር ነው። አድራሻዋ እስኪከፈት ሞተች። ከዚያ በፊት ኃላፊውን ‹ዘግተህ ክፈተው› ብዬ ስንቴ ለመንኩት! ሳቀብኝ። ሻዩ ውስጥ ጨመርኩለት፤ ደሟን መለስኩ። ቢነሳ ደግሜ እገድለዋለሁ!»

ሚስትየው ተነስታ ፊቱ ቆመች። እንባዋ ደርቋል።

«እሰይ፣ ራሱን አልገደለም» አለች። «አንተ ለእናትህ ተበቀልክ። እኔ ደግሞ ልጆቼን ስምህን እያስጠናሁ አሳድጋቸዋለሁ።»