ከቫትሲ ጎዳና የመጣው የሕፃን ጫማ

ለመካኒሳ ሰፊ ሕዝብ በሙሉ፦ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ሃንጋሪ ዘምቶ የነበረው የተማሪ ሮበሌ ሻንጣ፣ እጀታው ተበጥሶ፣ ወገቡ በገመድ ታስሮ፣ ዛሬ ከቀትር በኋላ በወይዘሮ ሸዋረገድ ሳሎን በሰላም ማረፉን ስንገልጽ ከፍ ያለ ኩራት ይሰማናል። ባለቤቱም አብሮት ገብቷል።

ባለቤቱን ግን ልብ ያለው የለም። ለክረምት እረፍት ከቡዳፔስት የመጣው ሮበሌ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ተናኘወርቅን ሰርቆ ያያል፤ ተናኘ ደግሞ ሻንጣውን ታያለች። ሲሄድ «እጠብቅሃለሁ» ያለችው እሷ ናት። ገና አውሮፕላን ማረፊያ ሳለ ነው ወንድሙ መርዶውን የነገረው። የመሥሪያ ቤት ላዳ የሚነዳው ግዛው ተናኘን ለማግባት እሁድ ሽማግሌ ይልካል፤ እናቷ ወይዘሮ ሸዋረገድም «ይምጡ» ብለዋል።

«ክፈተው እንጂ፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ሸዋረገድ።

ገመዱን ፈታ። ለእሳቸው ያመጣውን ሹራብ ሲመዝ አንዲት ነጭ ካርቶን ተከትላ ወጣችና ምንጣፉ ላይ ተዘረገፈች። ሁለት የሕፃን ጫማዎች። ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጡ፣ ቀይ ቁልፍ ያላቸው።

ተናኘ ጎንበስ ብላ አንዷን አነሳች።

«ስንት ወሩ ነው?» አለች ተናኘ።

«ምኑ?»

«ልጅዎ።»

ተናኘ ስትናደድ አንቱ ትላለች።

«ልጅ የለኝም፣ ተናኘ።»

«እንግዲያው ለራስዎ ነው የገዙት። ይሞክሩታ፣ ምናልባት ልክዎ ይሆናል።»

«እኔማ ብያለሁ» አሉ እናት ነጠላቸውን እያጣፉ። «ፈረንጅ አገር የሄደ ወንድ ብቻውን አይመለስም።»

«እትዬ፣ ይስሙኝ። ከተሳሳትኩ ከነሻንጣዬ እወጣለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ቡዳፔስት ውስጥ ቫትሲ የሚባል የባለጸጋ ጎዳና አለ። ሮበሌ አንድ ቅዳሜ ሸሚዙን ተኩሶ፣ የተናኘን እግር የለካበትን ክር በኪሱ ይዞ፣ ጫማ ሊገዛላት ወደዚያው ወረደ። መስኮቶቹ በቀን መብራት ያበራሉ። ሽቶው ከሱቅ አልፎ መንገደኛን ይቀባል። ኬኩ የተደረደረው ለመበላት ሳይሆን ለመሳለም ይመስላል። እሱም እንደ ጎብኚ ሚኒስትር እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከመስኮት መስኮት ሲዘዋወር አንዲት ቀይ ጫማ አየ። ክሩን ዘረጋ፤ ልክ ናት።

ሻጭዋ ዋጋዋን ነገረችው። እሱም ያደገበትን ደንብ አክብሮ ግማሹን ጠራ። ሻጭዋ ጫማዋን ወደ መስኮቱ መለሰች። በዚህ ጊዜ የመርካቶን ታላቅ መሣሪያ መዘዘ፤ ትቶ ወጣ። መርካቶ ትተህ ስትወጣ ባለሱቁ «ና እሺ፣ ውሰደው» ብሎ ይጠራሃል። ሮበሌም ለመጠራት እንዲመች ቀስ ብሎ ሄደ። የባርኔጣው ሱቅ አለፈ፣ የሰዓቱ አለፈ። የሚጠራው የለም። ጎዳናው አልቆ የዳኑብ ወንዝ ታየ፤ አሁንም የሚጠራው የለም። እየሮጠ ሲመለስ አንዲት ዘንካታ ሴት ቀይዋን ጫማ ተጫምታ ከሱቁ ስትወጣ ተገናኙ።

አንጀቱ ተቃጥሎ ሲያዘግም ነው ረጅሙን ሰልፍ ያየው።

«ተሰለፉ?» አለች ተናኘ።

«ተሰለፍኩ።»

«ምን እንደሚሸጥ ሳትጠይቅ?»

«ሳትጠይቅ» አለችው። «ሳይጠይቁ» አላለችም። ሮበሌ ትንሽ ነፍስ ዘራ።

«ተናኘ ሙች፣ ሰልፍ አይቶ ምን ይሸጣል ብሎ የሚጠይቅ የአዲስ አበባ ሰው አለ? እስኪጠይቅ ስኳሩ ያልቃል። ከፊቴ ያሉት ሁሉ እርጉዞች እንደሆኑ እንኳ ያየሁት ባንኮኒው ጋ ስደርስ ነው። አንዲት አሮጊት ጨበጠችኝ፤ እንኳን ደስ ያለህ ማለቷ ነው መሰለኝ። ያን ሁሉ ቆሜ ባዶ እጄን ልውጣ?»

ተናኘ ብድግ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ሮበሌ ገመዱን አንስቶ ሻንጣውን መልሶ ማሰር ጀመረ።

ስትመለስ በእጇ የጺም መላጫ ብሩሽ ይዛለች።

«ይኸው የእኔ ሰልፍ» አለች። «የቀበሌው ሱቅ ጋ። ሳሙና የሚሸጥ መስሎኝ ነበር።»

ሮበሌ ፈገግ ሊል ሲል ወይዘሮ ሸዋረገድ ከመቀመጫቸው ተነሱ።

«ቆይ፣ ቆይ። ይሄ የግዛው አይደለም?»

«የግዛው ጺም ምን አገባኝ፣ እማዬ?»

«ወንድ በሌለበት ቤት ከአልጋሽ ሥር ሳገኘው፣ በቃ ነገሩ አልቋል አልኩ። ሰው ሳይሰማ በወጉ እንድትዳሪ ብዬ እኮ ነው ሽማግሌ ይምጣ ያልኩት።»

«ብትጠይቂኝስ ኖሮ?»

«ይሄ ይጠየቃል? ኧረ ጉዴ ፈላ፣ አሁን ያን ሰውዬ ምን ልበለው?»

«ሰልፍ ተሳስተሃል በይው።»

ሮበሌ ይህን ሰዓት ካሳለፈ ሌላ እንደማያገኝ ገባው። ተነስቶ ቆመ። ያጠናው ንግግር ነበረው፤ ጠፋበት።

«እትዬ፣ እሁድ የእኔ ሽማግሎች ይምጡ?»

«ትምህርትህስ?»

«ከርሞ እጨርሳለሁ።»

«ጫማ እንኳ መግዛት ያቃተህ ልጅ...» አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ? እንደገና ልትጠብቂው ነው?»

ተናኘ ብሩሹን በጣቷ እያፍተለተለች ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች።

«ሰልፍ ላይ ነው የከረምኩት፣ እማዬ። በዚህኛው ግን ምን እንደምጠብቅ አውቄ ነው የቆምኩት።»

ሮበሌ አንገቱን ደፋ። ዓይኑ እንባ ማቅረሩን ለመሸፈን ከገመዱ ጋር ታገለ።

ወይዘሮ ሸዋረገድ ሹራቡን ትከሻቸው ላይ ለክተው ልክ መሆኑን አረጋገጡ።

«ጠዋት ይምጡ» አሉ። «ከሰዓት ዝናብ ነው።»

ተናኘ እስከ በሩ ሸኘችው። መንገዱ ጭቃ ነው፤ የመካኒሳ ታክሲ ሁለቱንም እየረጨ አለፈ። አንዳቸውም አልሸሹም። እጇን ያዘ፤ አልነጠቀችውም። በሌላ እጇ የሕፃን ጫማዎቹን በቁልፋቸው አንጠልጥላለች።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም» አለችው። «ያ ሰልፍ በእርጉዝ የተሞላ ነበር ብለኸኛል። ለአንዷ ሰጥተህ መገላገል ስትችል፣ ለምን እዚህ ድረስ ተሸክመኸው መጣህ?»

ሮበሌ ጫማዎቹን አየ፣ እሷን አየ፣ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«አላብራራም» አለ።