የእህትማማቾቹ መድኃኒት

በደብረ ዘይት ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ የካ ዳገቱ ላይ በሚገኘው የአቶ ከበበ ቤት አራት ሰዎች ነበሩ፤ ባለቤቱ ከበበ፣ ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ እዚያው የምትኖረው የሚስቱ ታላቅ እህት ታደለች፣ ከሚስቱ ጋር ማለዳ ማለዳ እንጦጦን በእግር የምትወጣው ነርሷ ሲስተር አምለሰት፣ እንዲሁም በስልክ የተጠራችው መርማሪ ኢንስፔክተር ነፃነት። የከበበ ሚስት ሒሩት አልጋዋ ላይ ሞታ ተጋድማለች።

ፊቷ አብጧል። አንገቷ ላይ አየር ያጠራት ሰው በገዛ ጥፍሩ የቧጨረው ምልክት አለ። ነፃነት ክፍሉን በዓይኗ ዞረችው። ከራስጌ፣ ኮመዲኖው ላይ፣ የተጀመረ የክሬም ቲዩብ አለ፤ አጠገቡ ደግሞ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ የሚመስል የፕላስቲክ መክተቻ። መክተቻውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። የሸተታት የመድኃኒት ሽታ አልነበረም፤ የተቆላ እህል ዓይነት ነው። ለምርመራ ላስቲክ ውስጥ ከተተችው።

ስለ ክሬሙ ያስረዳቻት አምለሰት ናት። ሒሩት የወር አበባዋ ከቆመ ወዲህ ብልቷ እየደረቀ፣ እየቆጠቆጣትና ሽንቷም እያቃጠላት ትሠቃይ ነበር። ሐኪም ጥቂት ሆርሞን ያለበት ክሬም አዘዘላት፤ በሳምንት ሁለት ማታ፣ በመክተቻው ወደ ውስጥ የሚገባ።

«እንደየሰዉ ገላ ነው» አለች አምለሰት። «አንዷን ይፈውሳታል፤ ሌላዋን ያቃጥላታል፣ ጡቷን ያሳብጣታል። ለሒሩት ግን ተስማማት። ይሄን ሁሉ ዳገት እየሳቀች ነበር የምትወጣው።»

«ሳቋ ነው የገደላት» አለች በሩን ተደግፋ የቆመችው ታደለች፣ ዓይኗን ከበበ ላይ ተክላ።

ማንን ማለቷ እንደሆነ ግልጽ ነበር። ሰኞ ዕለት ባልና ሚስቱ ሲጨቃጨቁ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ነፃነት ከበበን ለብቻው አስቀምጣ ጠየቀችው። ሰውየው አንገቱን አላቀና አለ። ጾም ስለገባ አልጋ ለይተው፣ እሱ ሳሎን እንደሚተኛ ነገራት።

«ከእኔ ጋር በጾም የለም። ታዲያ ክሬሙ ለምን ያልቃል? ለማን ነው የምትዘጋጂው? አልኳት።»

«ምን አለችዎት?»

«ሳቀችብኝ።»

«አጠቃቀሙን ያውቃሉ?»

ከበበ ፊቱ ቀላ። ሁለት ጣቱን መዳፉ ላይ አሸት አደረገ፣ የፊት ቅባት እንደሚቀባ ሰው። «እንዲህ ይመስለኛል። ለ... ለዚያ ነገር ሲታሰብ።»

ከሰዓት በኋላ ከሆስፒታል ቃል መጣ። ሒሩትን የገደላት ሰውነቷ የማይቀበለው ነገር ገብቶ ጉሮሮዋን ስለዘጋው ነው። የጣቢያው ኃላፊ በበኩሉ ነገሩ አልቆለታል፤ ባል ቀንቶ ገደለ። እስከ ሠልስቱ ሌላ ሰው ካልተገኘ ከበበ ይታሰራል ብሎ ለነፃነት ነገራት።

ነፃነት ታደለችን ወጥ ቤት ውስጥ አገኘቻት። እህቷ የማይስማማት ነገር እንደነበረ ስትጠይቃት ታደለች አልደበቀችም።

«ሰሊጥ ነው፣ ልጄ። በልጅነቷ ቀምሳ ከሞት ተረፈች። እናታችን ዛር አለባት ይሏታል ብላ ለሰው እንዳንናገር አስማለችን። ከባሏና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። አምለሰት እንኳ አታውቅም።» ባሏ የሚለውን ቃል ጠበቅ አድርጋ ነበር የተናገረችው።

«ክሬሙንስ ያውቁታል?»

«እኔ? እንዲህ ያለ ነገር በዓይኔም አላየሁ። እርጅናዬን ተቀብዬ ተቀምጫለሁ።»

ነፃነት ከመድኃኒት ቤት የገዛችውን ያልተከፈተ ክሬም ከቦርሳዋ አወጣች። እንዴት እንደሚገጠም እያጉረመረመች መክተቻውን ገልብጣ ቲዩቡ አፍ ላይ ልትጭነው ታገለች። ታደለች ጥቂት አየቻትና ትዕግሥቷ አለቀ።

«በዚያ በኩል አይደለም፣ አንቺ ልጅ። ወዲህ በይው።» ነጥቃ አዙራ ገጠመችው፤ ዘንጉንም እስከ ምልክቱ ሳበችው።

ነፃነት አመስግናት ወጣች።

በሠልስቱ ዕለት፣ ጸሎቱ አልቆ ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ሲቀመጥ፣ ነፃነት ሦስቱን ወደ ጓዳ ጠራቻቸው። የላቦራቶሪው ውጤት ጠዋት ደርሷታል።

«ቲዩቡ ንጹሕ ነው» አለች። «ሆርሞኑ ሒሩትን አልነካትም። የሰሊጥ ቅባት የተገኘው መክተቻው ውስጥ ነው። ስለዚህ ገዳዩ ሁለት ነገር ያውቃል። ሰሊጥ እንደሚገድላት ያውቃል፤ ክሬሙም በመክተቻው እንደሚገባ፣ በጾምም እንደማይቋረጥ ያውቃል።»

መጀመሪያ አምለሰትን አየቻት።

«ሲስተር አምለሰት ሁለተኛውን ያውቃሉ፤ የመጀመሪያውን ግን ቤተሰቡ በመሐላ ደብቋል። አቶ ከበበ የመጀመሪያውን ያውቃሉ። ሁለተኛውን ቢያውቁ ኖሮ ክሬሙ በጾም ለምን ያልቃል ብለው ባልተጣሉ። ያስጠረጠራቸው ጠብ ነው ነፃ የሚያወጣቸው። ሒሩት ገና በሕይወት ሳለች፣ ጎረቤት እየሰማ፣ አለማወቃቸውን ጮኸው ተናግረዋል።» ወደ ታደለች ዞረች። «እትዬ ታደለች፣ የሰሊጡን ምስጢር የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። በዓይኔም አላየሁት ያሉትን መክተቻ የገጠሙልኝም እርስዎ ነዎት። ያ እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የገጠመ እጅ አይደለም።»

ታደለች ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች።

«ከአንድ ሆድ ወጣን» አለች። «አንድ ሐኪም፣ አንድ ክሬም። እኔን አቃጠለኝ፤ ራሴን ፈለጠኝ፤ ያ የደረቀ ደም እንደገና ፈሰሰኝ። ባሌም ጥሎኝ ሄደ። እሷን አለመለማት። ግድግዳው ስስ ነው፤ ማታ ማታ ከባሏ ጋር ስትሳሳቅ እሰማታለሁ። ጾም ሲገባ አርፋለሁ ብዬ ነበር። በጾምም ሳቀች።»

«ተመልሰው ቢሄዱ መጠኑን ይቀንሱልዎት ነበር» አለች አምለሰት እያለቀሰች። «ሆርሞን የሌለበትም አለ። ያንዷ ገላ ካንዷ ይለያል እኮ፣ እህትም ብትሆን።»

«ያንን ገላ ሁለተኛ ለሐኪም ማሳየት አፈርኩ።»

ከበበ ግድግዳውን ይዞ ቁጭ አለ። «እኔም በሳቋ ቀናሁ» አለ ለማንም ሳይሆን። «ሳቋ ለእኔ እንደነበረ አላወቅኩም።»

ታደለች በጓሮ በር ወጥታ በፖሊስ መኪና ወደ ጣቢያ ተወሰደች። ከበበ አልታሰረም። ለቀስተኛው የጾም ምሳውን በልቶ ተበተነ።