ላብ አይታዘዝም

ሽቦውን ጣቱ ላይ ስታስር ትንሿ የፎቶ ፊልም ከመዳፉ ወደ መዳፏ ገባች።

ከሸሚዝ ቁልፍ አትበልጥም። ፍተሻውን ምላሱ ሥር ሆና ነው ያለፈችው። ዛሬ አመሻሽ ላይ የሚታፈሱ የአሥራ ሁለት ሰዎች ስም አለባት።

የምስጢር ስሟ መርፌ ነው፤ ቀና አላለችም። በዚህ የጸጥታ መሥሪያ ቤት የሚያውቋት የውሸት መመርመሪያው ባለሙያ ሆና ነው። የታሰረው ሰው የምስጢር ስሙ ሸማኔ ነው፤ ስሞቹን ከመዝገብ ቤት ሰርቆ ሲወጣ በር ላይ ተያዘ። ባሏ ነው። ይህን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም።

ደረቱ ላይ ቀበቶውን ስታጠብቅ በሹክሹክታ «ምክትሉ ሸጠን» አላት። «አንቺን ግን አያውቅሽም።»

የአለቃው ምክትል የእነሱ የኅቡዕ ቡድን ሰው ነበር። ማለ፣ ተገዘተ፣ ከዳ። አሁን ከአለቃው ጎን ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል።

«በረጅሙ ተንፍስ» አለችው ጮክ ብላ።

ልብ፣ ጨጓራ፣ ላብ፣ የዓይን ብሌን ባለቤታቸውን ሳያስፈቅዱ ነው የሚሠሩት፤ አደጋ ሲመጣ በራሳቸው ይነሳሉ። ሰው እጁን የሚያስገባበት አንድ በር ቢኖር ትንፋሽ ነው። ትንፋሽ ሲረዝም ልብ ረገብ ይላል። ያስተማረችው እሷ ነበረች፤ አልጋቸው ላይ፣ እየሳቁ።

አለቃው የሠራተኞቹን ዝርዝር ዘረጋ። «እዚህ ውስጥ ሰው አለህ። አንተ ባትነግረኝ ሰውነትህ ይነግረኛል። ሹፌሩ?»

የሰውነቱን ምላሽ ወረቀት ላይ የሚያሰምሩት አራቱም የማሽኑ ብዕሮች ጸጥ።

«ጸሐፊዋ?»

ጸጥ።

«ይህቺ ባለሙያ?»

የልቡ ብዕር ንቅንቅ አላለም። የላቡ ግን ሽቅብ ወጣ።

ላብ ትንፋሽን አይሰማም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ አለቃው።

መርፌ የጣቱን ሽቦ አጠበቀች። «ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ፈርቶኝ ይሆናል።»

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» አለ ምክትሉ እየሳቀ። «የኛ ብቅል ይሄ ማሽን ነው።»

አለቃው ዓይኑን ከእሷ አልነቀለም። «ማንንም አልዘልም። ምክትሌ?»

አራቱም ብዕሮች ዘለሉ።

መርፌ ወረቀቱን አየች። ልቡ ከመዝለሉ በፊት ትንፋሹ ተቋርጧል። ምላሱን ነክሷል ማለት ነው። ምክትሉን ለማስጠርጠር ሆን ብሎ ያደረገው ነው። ይህን ማንበብ የሚችል ግን በክፍሉ ውስጥ ከእሷ ሌላ የለም።

«እውነት ነው?» አላት አለቃው።

አዎ ካለች ምክትሉ ባሏን በሕይወት አይተወውም፤ አይደለም ካለች ጥርጣሬው ወደ እሷ ይመለሳል፣ አሥራ ሁለቱም ይታፈሳሉ። ልትጮህ ፈለገች። ሸማኔ አያትና ዓይኑን ቀስ ብሎ ጨፈነ።

«እንዲህ ያለውን ማስመሰል አይቻልም» አለች።

ምክትሉ ሽጉጡን መዘዘ። «ይዋሻል!»

አንድ ጥይት።

ጠባቂዎቹ ምክትሉን መሬት ላይ ደፉት። የሸማኔ የልብ ብዕር ጥቂት ተንገዳገደና ቀጥ ያለ መስመር ማስመር ጀመረ። ማሽኑን ማጥፋት የእሷ ሥራ ነው። አጠፋችው። ሽቦውን ከጣቱ ፈታች፤ ጣቱ ገና ይሞቅ ነበር። ሪፖርቷን ጽፋ፣ ፈርማ ወጣች።

ጥግ ላይ ካለው መድኃኒት ቤት ገባች። ባለመድኃኒቱ አዛውንት ነው፤ የሚያውቀው የይለፍ ቃሏን እንጂ ማንነቷን አይደለም። ፊልሟን በማዘዣ ወረቀት ጠቅልላ ሰጠችው።

«ለአሥራ ሁለት ሰው። ሳይመሽ።»

«ይደርሳል።»

ያኔ ባንኮኒውን ተደገፈች፤ መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፤ ተው ብትለውም አልሰማ አላት።

«ልጄ፣ እንዲህ ሆነሽ ብቻሽን አትሂጂ። ባልሽን ልጥራልሽ?»

«ባል የለኝም፣ አባቴ።»

ስድስት ዓመት ሙሉ ለጠየቃት ሁሉ ስትዋሽ የኖረችው ይህንኑ ነበር። አሁን እውነት ሆነ። በሩን ከፍታ ከመንገደኛው ጋር ተቀላቀለች።