የግርጌው ቀዳዳ

መምህሩ ሻማውን ለኩሶ ካርቶኑ ውስጥ አቆመውና የካርቶኑን ክፍት ጎን በመስታወት ከደነው። ካርቶኑ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። የሚጨስ ክር ወደ ታችኛው ቀዳዳ ሲያስጠጋ ጭሱ ሰተት ብሎ ገባ፤ ሻማው ጋ ሲደርስ ሽቅብ ወጥቶ በላይኛው ሾለከ።

«የሞቀ አየር ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው ከታች ገብቶ ቦታውን ይይዛል። ነፋስም የሚነፍሰው እንዲሁ ነው» አለ። «ታችኛውን ብደፍነውስ?»

ክሩን ወደ ውስጥ ጥሎ ቀዳዳውን በጨርቅ ደፈነው። ጭሱ ከታች የሚገፋው አየር አጥቶ ካርቶኑን ሞላው፣ ሻማው ደከመ። ተማሪው ሁሉ «ታፈነች! ታፈነች!» እያለ ሲስቅ፣ የልብስ ሰፊው ልጅ ግን ክው አለች።

ከአባቷ የስፌት ክፍል ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል አክስቷ በከሰል ካውያ ልብስ ትተኩሳለች። ከጣሪያው ሥር ገርበብ ያለ ትንሽ መስኮት፣ ከግድግዳው ግርጌ ደግሞ አንድ ጡብ የወጣለት ቀዳዳ አለ። ማክሰኞ ጠዋት እዚያ ለፈተና ስታጠና በቀዳዳው የሚገባው ብርድ እግሯን ቆረጣት። ቁርጥራጭ ጨርቅ ሰብስባ ጠቀጠቀችበትና በዚያው ረሳችው። ከሰዓት በኋላ አክስቷ የከሰሉ ጭስ አፍኗት ካውያውን እንደያዘች ወደቀች። ይኸው አራተኛ ቀኗ፣ ሆስፒታል ተኝታ ዓይኗን አልገለጠችም።

ጥፋቱ የተላከከው ታላቅ ወንድሟ ላይ ነው። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሎ፣ ጥቁሩ ጠፍቶ ሲቀላ ብቻ ማስገባት የሱ ሥራ ነበር። «ሳይቀላ አስገብተህ ነው!» አለ አባቱ። ወንድሟ መጀመሪያ «ቀልቶ ነበር» ብሎ ተሟገተ። በኋላ ግን እሱም አመነ መሰል፣ መሟገቱን ተወ።

ከትምህርት ቤት እየሮጠች ስትገባ እናቷ እዚያችው ክፍል ትተኩሳለች።

«ምን ሆነሽ ነው የምታለከልኪው? እኔንም እኮ ዛሬ ራሴን እያዞረኝ ነው» አለቻት፣ ግንባሯን በእጇ ጀርባ እየጠረገች።

ልጅቷ መስኮቱንም በሩንም በረገደችው። እናቷን ደጅ አውጥታ አስቀመጠቻት፤ ተመልሳ የመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር ገባችና ጨርቁን መዘዘችው። ቀዝቃዛው አየር እጇ ላይ ነፈሰ። ያያት የለም። ጨርቁን ከሌላው ቁርጥራጭ ጋር ብትቀላቅለው ነገሩ በዚያው ተዳፍኖ ይቀራል። እንዲቀርም ፈልጋ ነበር፤ ፈርታለች።

ከስፌት ክፍሉ የወንድሟ ድምፅ ተሰማ። «ነገ አጎቴ ጋ እሄዳለሁ። ብትነቃስ በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

አባቷ ማሽኑን መርገጥ ቀጠለ።

ገብታ ፊቱ ቆመች። «አባዬ፣ ማሽኑን አቁመው።»

«ምን ሆንሽ ደግሞ አንቺ?»

«ከሰሉ ቀልቶ ነበር። የግርጌውን ቀዳዳ በጨርቅ ደፍኜ እኔ ነኝ ያፈንኳት።»

ማሽኑ ቆመ። ወንድሟ ቀና ብሎ አያት። ደጅ ያለችው እናቷም እንድትሰማ ጮክ ብላ ደገመችው።