ጆሮዋ የተሰነጠቀ በግ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ የካቲት፣ ከብቸና ወደ ሞጣ በሚያሻግረው ደጋ ላይ ውርጩ ሣሩን አቃጥሎት ነበር፤ የመንግሥት ጦር ጎጃምን እየለቀቀ ነው የሚለው ወሬም ከገበያ ገበያ ይዞር ነበር። በዚያ ደጋ ከተተከለው የመንግሥት በግ እርባታ ጣቢያ ግን ስንቄ የምትባል የሃያ ዓመት ሠራተኛ ከጦርነቱ ይልቅ የአንዲት በግ ነገር ያንገበግባት ነበር።

በጊቱ በተወለደች ዕለት እናቷ ሞተችባት፤ ስንቄም በጡጦ አሳደገቻት። በአገሩ ልማድ እናት የሌላትን ግልገል በእጁ ያሳደገ ባለቤቷ ይሆናል፤ የጣቢያው ኃላፊ ጓድ ሀብተ ሥላሴም «ያንቺ ናት» ብሎ ነበር፤ ልውሰዳት ባለች ቁጥር ግን «መመሪያ ይምጣ» እያለ ሦስት ዓመት አመላለሳት። ጋጣ እየጠረገች፣ ጠጉር እየሸለተች ኖረች፤ እሷና እናቷ ዘሪቱ ግን የኛ የሚሉት አንድ እንስሳ አልነበራቸውም። ይህች በግ ወልዳ ተዋልዳ ከሰው ቅጥረኝነት ታወጣት ነበር። አሁን ግን ጣቢያው ሊዘረፍ፣ ልፋቷም ለፋሲካ የማንም ወጥ ሊሆን ነው፤ በገነች።

በዚያ አጥቢያ ለማርያም የተሳለ በግ ቀኝ ጆሮው ይሰነጠቃል፤ ያንን ሌባ እንኳ አይነካውም። ስንቄ የመሸለቻ መቀሷን አንሥታ የበጊቱን ጆሮ ሰነጠቀች።

ጓድ ሀብተ ሥላሴ በመኪና በሸሸ ማግሥት ገበሬው ጣቢያውን ወረረ። የስንቄ ጎረቤት ፋንታ በጊቱን በአንገቷ ያዘና ጆሮዋን ሲያይ ለቀቃት፤ አማተበም። መንጋው ተነድቶ ሲያልቅ በጊቱ ብቻዋን ቀረች። ስንቄ ገመድ አስራባት ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ስትነዳት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቄሰ ገበዝ አምላኩ ተቀበሏት።

«ልጄ፣ ስለትሽን ልታደርሺ ነው? እግዜር ይስጥሽ።»

«አባ፣ ይችስ የእኔው ናት። በእጄ ያሳደግኋት ናት።»

«ጆሮዋን ማን ሰነጠቀው ታዲያ?»

ፋንታና ሌሎቹ የነዷቸውን በጎች ይዘው ቆመው ያዳምጣሉ። ዋሽቼ ነው ብትል በማርያም ስም የቀለደች ትባላለች፤ በጊቱም ያንጊዜውኑ ከዘረፋው ትቀላቀላለች።

«እኔው ነኝ፣ አባ።»

«እንግዲያማ እመቤታችን ትቀበልሽ» ብለው ገመዱን ያዙ።

«ሦስት ዓመት እኮ ለፍቼባታለሁ።»

«ስለትሽን ያሳመረው እሱ አይደል» አሏት በርኅራኄ። ስንቄ ገመዱን ለቀቀች።

የጣቢያውን መበተን ሽማግሌዎች ዛሬም ያወሩታል፤ የኃላፊው ሽሽት ይነሣል፤ ከዚያ ሁሉ መንጋ አንዲት በግ ሳትነካ መትረፏም የማርያም ተአምር ተብሎ ይተረካል። የስንቄን ስም የሚያነሣ ግን የለም፤ እስከ ዛሬ የሰው በግ እየሸለተች ትኖራለች። ተአምሩ ሲተረክ በሰማች ቁጥር እሷም ከሰሚዎቹ ጋር ታማትባለች።